የዓባይ በረሃ ኮራሎች

ከሞጣ በቢቸና አድርጎ ወደ ደጀን የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በጥቁር አፈር ላይ ነው። ከአፈሩ ሥር ያለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መፍሰስ የጀመረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ደጀን ታልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና አሸዋ ድንጋይ ይተካል፤ ከዚያ ነጣ ያለ፣ በንጣፍ በንጣፍ የተደረደረ ገደል ይመጣል።

ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ገብቶ አገሩን የሸፈነ፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ትቶት ሄደ። ጂኦሎጂስቶች የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙን በትግራይ ካለችው ሕንጣሎ ወስዶ ያወጣለት፣ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ የናፒየር ጦር ጋር የመጣው ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። በድንጋዩ ውስጥ የዛጎል፣ የቀንድ አውጣና የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል አለ፤ ኮራልም አብሮ ይገኛል። ስለ ባሕር ሕይወት ሲነገር የሚደጋገሙትን ቃላት ከዚሁ ገደል ተነሥቶ መረዳት ይቻላል።

ፖሊፕ። ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። አንዱ አካል ፖሊፕ ይባላል፤ ለስላሳ ከረጢት ሲሆን አፉ በተናዳፊ ክንዶች የተከበበ ነው። ብዙዎቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ድንጋይ ሠሪዎቹ ኮራሎች ከባሕሩ ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ የኖራ ጽዋ ይሠሩና በላዩ ይቀመጣሉ። ከጽዋው ግድግዳ ወደ መሐል የሚገቡ ስስ ክፍልፋዮች ስላሉ፣ ቅሪቱ በድንጋይ ላይ የኮከብ ቅርጽ ይዞ ይታያል።

ሪፍ። ፖሊፖች እየተከፈሉ ሲባዙ፣ አዲሱ በአሮጌው አፅም ላይ ሲገነባ፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ ከባሕር ወለል የሚነሣ የድንጋይ ክምር ይፈጠራል። ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ከባሕር ፍጥረታት ዝርያ ግን ሩብ ያህሉ በእነሱ ላይ ተጠግቶ ይኖራል።

ሲምባዮሲስ። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣሉ፤ እሱም መጠለያ ይሰጣቸዋል። ሪፍ ጥርት ባለና ፀሐይ በሚደርስበት ውኃ የሚያድገው ለዚህ ነው።

ንጣት። ውኃው ከለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጩ አፅሙም ይገለጣል። ውኃው ቶሎ ከበረደ ያገግማል፤ ካልበረደ በረሃብ ይሞታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሳይንቲስቶች አራተኛውን ዓለም አቀፍ ንጣት አውጀዋል።

አሲዳማነት። ከኖራው ድንጋይ ጥቂት ዱቄት ፍቃችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ በሎሚው አሲድ አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ባሕር ሲገባ የውኃውን አሲዳማነት ይጨምራል፤ ኮራልም ጽዋውን መሥራት ይከብደዋል።

የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶው፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ እንደሚጠፋ የተመድ የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች አስጠንቅቀዋል። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ አየሩ ግን የጋራ ነው። የቢቸናና የሞጣ የሳይንስ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደዚህ ገደል ይዛችሁ ውረዱ። ቅሪተ አካሉን በቦታው ትታችሁ፣ ትምህርቱን ይዛችሁ ተመለሱ።