ያውቁ ኖሯል? ከቤተ መንግሥት የወጣው የሸክላ ዘፋኝ

የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች በሸክላ የተቀዱት አዲስ አበባ ሳይሆን ጀርመን አገር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ጊዜው 1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1908። ዘፋኙም በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ ባሕር የተሻገሩት ለዘፈን አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ የላኳቸው የአውቶሞቢልን ነገር ተምረው እንዲመለሱ ነው። አዲስ አበባ መኪና የሚባል ነገር በዓይኗ ያየችው በዚያው ሰሞን ነበርና፣ የሚነዳና የሚጠግን ሰው ያስፈልግ ነበር። ለመኪና የሄዱት ሰው ማሲንቆና ግጥም ይዘው ታሪክ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በፊትስ የተቀዳ የኢትዮጵያ ድምፅ ነበር? ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ ምኒልክ ካዳመጡት በኋላ ግን እንዲደመሰስ አዘዙ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መንገድ በድምፅ መለሱላቸው። እሱ ግን ንግግር ነው። በሸክላ የተቀዳ ዘፈን የመጣው ከተሰማ ጋር ነው።

ተሰማ በዘር የመጡ አዝማሪ እንዳልነበሩስ ያውቃሉ? ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው፤ ጎንደር አካባቢ ያለችው ቡርቧክስ እንኳ በሙሉ የአዝማሪ መንደር ናት። ልጅ ገና ሳይጎረምስ ማሲንቆ ይዞ ከታላላቆቹ ጋር ይዞራል። ተሰማ ደግሞ በምንጃር ተወልደው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ናቸው። ሸክላ ሲያስቀዱ ዕድሜያቸው ሠላሳን አልፏል። «አዝማሪ» መባል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ዘመን፣ በዚያ ዕድሜና በዚያ ማዕረግ ማሲንቆ አንስቶ መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። ለእኔ ከሸክላው በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ድፍረታቸው ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ። የደጋኑም ክር እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው። ገላው አራት ጠፍጣፋ እንጨት ሲሆን ቆዳ ይለበጥበታል። መሣሪያው እንዲህ ቀላል ነው፤ የአዝማሪው ሳቅ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው።

በአዝማሪ ቤት ግጥሙን የሚያወጣው አዝማሪው ብቻ እንዳልሆነስ ያውቃሉ? እንግዳው ከመቀመጫው ሆኖ «ተቀበል!» ይላል። አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይደግመዋል፤ ሁለተኛው ስንኝ ይከተላል፣ ቤት ይመታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ዕድሜውን ሙሉ መድረክ ረግጦ የማያውቅ፣ ጋቢውን የደረበ ጡረተኛ እንኳ በዚያች ምሽት ገጣሚ ሆኖ ይወጣል። በሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን በሚሰማው ትርጉም፣ ሁሉም ይስቃል፤ ወርቁ፣ ማለትም ስውሩ ትርጉም፣ የሚመለከተው ሰው ብቻ አንገቱን ይደፋል።

ይህን ጨዋታ ፋሺስቶች ፈርተውት ነበር። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከተቃጣበት የመግደል ሙከራ በኋላ እንዲጠፉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ተረት ነጋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ አዝማሪዎችም ነበሩ። በሕዝብ መካከል እየዞረ የሚዘፍን ሰው ወሬም ያደርሳል፣ ልብም ያነሣሣል። የተገደሉትን ሁሉ ስም የመዘገበልን የለም፤ ያሳዝናል።

የነጋድራስ ተሰማ ሕይወትም ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የምኒልክ ወራሽ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ነበሩና፣ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ መከራው ለእሳቸውም ደረሳቸው።

ልጃቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ይድነቃቸው ተሰማ! በ1914 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዕለት ጅማ ተወለደ። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነው እሱ ነው። ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። የአባቱን ግጥሞች ሰብስቦ «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ ያዘጋጀውም ይኸው ልጅ ነው። የሸክላዎቹ ድምፅም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆኖ ዳግም ወጣ። ፈልገው ያድምጡት፤ መንኮሻኮሹ ብዙ ነው፣ ግን ሰውየው አለ።

ድምፃቸው በሸክላ ያልተቀዳ ገጣሚዎችስ? በግንቦት ልደታ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ አዲስ አበባ ልደታ ማርያም አካባቢ ወጣ ብለው ይመልከቱ። የቆዩት ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቢተካም፣ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ቡና ያፈላል፣ ለከርሞ ይሳላል። ምስጋናው ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ወይም አንድ አዛውንት ግጥም ይጀምራሉ፤ ሌላው ይቀበላል፤ ስለ ኑሮው፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ያልተባለ አይቀርም። አብዛኞቹ ማሲንቆ ነክተው አያውቁም፤ ግጥም የጀመሩትም ልጆቻቸውን አሳድገው ከጨረሱ በኋላ ነው።

የዘንድሮ ግንቦት ልደታ ሲደርስ ስልክዎን ይዘው ይቅረቡ፤ አስፈቅደው ይቅረጿቸው፤ የገጣሚውን ስምና ቀኑንም ይጻፉበት።