ዛሬን ሰጥቶ ነገን ስለ መግዛት

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ካደረጋቸው ስድስት ግጥሚያዎች በአምስቱ መሸነፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጨረሻው ግጥሚያ ዕለት ከሜዳው ዳር የቆሙ አንድ አባት፥ «እነዚያ ረጃጅሞቹ የ12ኛ ክፍል ልጆች ተቀምጠው እነዚህ ትንንሾቹ ስለ ምን ይሮጣሉ?» ብለው ሲናገሩ ሰማሁ። ከተቀመጡት ረጃጅሞች አንዱ እኔ ነበርሁ። ለእኒህ አባት በዚያን ሰዓት መልስ መስጠት አልቻልሁም፤ አሁን ግን ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአሜሪካ አገር ኤንቢኤ የተባለ የታወቀ የቅርጫት ኳስ ማኅበር አለ። በዚህ ማኅበር ውስጥ 30 ቡድኖች ይወዳደራሉ። በየዓመቱ ወደ ጨዋታው የሚገቡት አዳዲስ ወጣቶች ለቡድኖቹ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። ይህም ድራፍት ከሚጠጣው ድራፍት ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም። ሥርዓቱ የተጀመረው በ1947 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፥ ምርጫው ሁለት ዙር አለው፤ በየዙሩም ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ ተራ ይደርሰዋል። የሥርዓቱ ዋና አሳብ ደካማው ቡድን ቀድሞ እንዲመርጥና ከጊዜ በኋላ ከብርቱዎቹ ጋር እንዲስተካከል ነው። ነገር ግን ቡድኖች የመጀመሪያውን ተራ ለማግኘት ሲሉ ሆን ብለው እንዳይሸነፉ፥ ከ1985 ጀምሮ የፊተኞቹ ተራዎች በዕጣ እንዲወሰኑ ተደረገ።

በአገራችን የእግር ኳስ ሊግ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በእኛ ዘንድ የተሸነፈ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል እንጂ ተሸላሚ አይሆንም። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ተጫዋቾቹን በውል አስፈርሞ እንጂ በምርጫ ተራ ደርሶት አልነበረም። በኤንቢኤ ግን መጨረሻ የሆነ ቡድን ከማኅበሩ አይወጣም፤ ይልቁንም ለከርሞ ጥሩ ተራ የማግኘት ተስፋ አለው። ከዚህም በላይ ተራው ራሱ እንደ ንብረት ይቆጠራል። አንድ ቡድን ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ የሚደርሰውን ተራ እንኳ ዛሬ ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በምትኩ ተጫዋች መቀበል ይችላል።

ታዲያ ብርቱ ተጫዋች ያለው ቡድን ያንን ሰው ሰጥቶ ገና ማን እንደሚመጣበት የማይታወቅ ተራ የሚቀበለው ስለ ምንድን ነው?

እኛ በቁሐር ሚካኤል የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ከጥማድ በሬዎቹ አንደኛውን ገና ጉልበቱ ሳይደክም ወረታ ገበያ አውጥቶ ሸጠውና በገንዘቡ የፎገራ ጊደር ገዛ። እናቴ አዘነች፤ ጎረቤቶቻችንም ተደነቁ። በዚያ ክረምት አባቴ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ በመቀናጆ አረሰ፤ ተራ እስኪደርሰውም ድረስ ማሳው ዘገየበት። በኋላ ምክንያቱን ብጠይቀው፥ «ልጄ፥ በሬ ሲደክም ዋጋውም አብሮት ይደክማል። የምትሸጠው ሰው በሚፈልገው ጊዜ ነው» አለኝ። ያች ጊደር ዛሬ ላም ሆና ትታለባለች፤ የእኔና የታናናሾቼ ደብተርም የሚገዛው በወተቷ ገንዘብ ነው።

የቅርጫት ኳስ ቡድኖችም የሚከተሉት ይህንኑ አሳብ ነው። ምክንያቶቹም በአጭሩ ሦስት ናቸው። አንደኛው ዕድሜ ነው። ደካማ ቡድን ወጣቶቹ እስኪበስሉ ድረስ አራት ወይም አምስት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ዛሬ 30 ዓመት የሞላው ጎበዝ ተጫዋች ግን በዚያን ጊዜ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ማኅበሩ ለቡድኖች የደመወዝ ልክ አበጅቷል፤ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ወጣት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በተወሰነና አነስተኛ በሆነ ደመወዝ ይጫወታል። ሦስተኛው ውል ነው። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ፈለገው ቡድን ቢሄድ የቀድሞ ቡድኑ በባዶ እጁ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳይሄድ በፊት በእርሱ ምትክ አንድ ነገር መቀበል ይሻላል።

ይህ ዘዴ በደንብ ከተሳካላቸው አንዱ የኦክላሆማ ሲቲ ቡድን ነው። በ2019 ፖል ጆርጅ የተባለውን ዝነኛ ተጫዋቹን ለሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሰጠ። በምትኩም አምስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎች፥ በሁለት ዓመታት ተራ የመለዋወጥ መብት፥ ዳኒሎ ጋሊናሪ የተባለ ልምድ ያለው ተጫዋችና ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የተባለ ገና በ20 ዓመት ዕድሜው የነበረ ወጣት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የመከራ ዘመን መጣ። ቡድኑ በ2020 እና በ2021 መካከል በነበረው የውድድር ዘመን 22 ጊዜ አሸንፎ 50 ጊዜ ተሸነፈ፤ በሚቀጥለውም 24 አሸንፎ 58 ተሸነፈ። በ2022 ከክሊፐርስ ባገኘው ተራ ጄለን ዊሊያምስን መረጠ። በ2025 ግን በመደበኛው ውድድር 68 ጊዜ አሸንፎ 14 ጊዜ ብቻ ከተሸነፈ በኋላ ሻምፒዮን ሆነ፤ ያ በለውጡ የመጣው ወጣትም የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚህ ተፈጸመ።

በሌላ በኩል ነገን አሳልፎ ዛሬን የገዛ ቡድን ምን እንደሚደርስበት የብሩክሊን ታሪክ ያስተምረናል። በ2013 ብሩክሊን ቶሎ ዋንጫ ለማግኘት ቸኩሎ የ37 ዓመቱን ኬቪን ጋርኔትንና የ35 ዓመቱን ፖል ፒርስን ከቦስተን አስመጣ። ስለ እነርሱም የ2014፥ የ2016 እና የ2018 የመጀመሪያ ዙር ተራዎቹን ሰጠ፤ በ2017ም ቦስተን ከፈለገ ተራ እንዲለዋወጥ ፈቀደ። ፒርስ በዓመቱ ሄደ፤ ቡድኑም እየደከመ ሄዶ ከማኅበሩ መጨረሻዎች አንዱ ሆነ። የድካሙ ዋጋ የሆነው ጥሩ ተራ ግን የእርሱ አልነበረም። ቦስተን በእነዚያ ተራዎች ምክንያት በ2016 ጄለን ብራውንን፥ በ2017 ጄሰን ቴተምን አገኘ፤ በ2024ም በሁለቱ ወጣቶች ኃይል ሻምፒዮን ሆነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይህ ነው። ማኅበሩም ቡድኖች ራሳቸውን ጨርሰው እንዳይጎዱ፥ ለሁለት ተከታታይ መጪ ዓመታት ያለ መጀመሪያ ዙር ተራ የሚያስቀር ለውጥ እንዳይደረግ ከልክሏል። ይህ ሕግ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቡድኑን ተራዎች ያለ ልክ ይሰጥ በነበረው የክሊቭላንድ ባለቤት በቴድ ስቴፒየን ስም ይጠራል።

ሆኖም ነገርን ከአንድ ወገን ብቻ መመልከት አይገባም። የምርጫ ተራ ተስፋ እንጂ በእጅ ያለ ሀብት አይደለም፤ ጥንቃቄ ከሌለ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ይቀራል። የፊላደልፊያ ቡድን ከ2013 ጀምሮ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹን ሰጥቶ ተራ መሰብሰብ ያዘ። በ2016 ባለቀው የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 10 ብቻ አሸነፈ። ጆኤል ኤምቢድ የተባለውን ታላቅ የካሜሩን ተወላጅ በዚህ መንገድ ቢያገኝም፥ በ2016 እና በ2017 ሁለት ጊዜ የመጀመሪያውን ተራ ቢይዝም፥ እስከ 2025 ድረስ ዋንጫ አላነሣም። እንዲህ ያለው ሽንፈትም ተመልካችን ስላሳዘነ ማኅበሩ ሕጉን አሻሻለ። ቀድሞ የመጨረሻው ቡድን የመጀመሪያውን ተራ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 25 ነበር፤ በ2019 በተጀመረው ሥርዓት ግን መጨረሻ ለሆኑት ሦስት ቡድኖች እኩል ከመቶ 14 ተደረገ።

ደግሞም ሰው ከብት አይደለም። በሬ ሲሸጥ አይጠየቅም፤ ተጫዋች ግን ቤትና ልጆች ያሉት፥ ከተማውን የለመደ ሰው ነው። ብዙዎቹ ወደ ሌላ ከተማ መዛወራቸውን የሚያውቁት ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ስለዚህ ቡድንን እንደ አዲስ የሚያቋቁም ሰው ሒሳብ ከማወቁ በላይ ርኅራኄ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ራሳችን ቡድን ልመለስ። እኛ የምንሸጠውም የምንገዛውም ሰው የለንም። ነገር ግን ዓምና ከአምስቱ ዋና ተሰላፊዎች አራታችን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንጨርስ ነበርን። የስፖርት መምህራችን ሰብስበውን፥ «ዘንድሮ እናንተ ብትጫወቱ ምናልባት እናሸንፋለን፤ ለከርሞ ግን ኳስ የጨበጠ ልጅ አይኖርም። ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርሁ። የመጨረሻ ዓመቴ ነውና መጫወት እጅግ እፈልግ ነበር፤ አባቴም አንድ ቀን መጥቶ እንዲያየኝ ተስፋ ነበረኝ። ሆኖም ያችን ጊደር አሰብኋትና በማግሥቱ እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲህ በየግጥሚያው የምገባው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆነ፤ በቀረው ጊዜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ኳስ አያያዝና አቋቋም ሳሳይ ከረምሁ።

በመጀመሪያው ግጥሚያ በ31 ነጥብ ተሸነፉ። በአምስተኛው በ6 ነጥብ ተሸነፉ። ስድስተኛውን አሸነፉ። በዚያም ዕለት አባቴ ከወረታ ገበያ ሲመለስ ወደ ሜዳው ብቅ ብሎ ነበር። ተቀምጬ ቢያየኝም አልጠየቀኝም፤ ትንንሾቹን ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ፥ «እነዚህ ሲያድጉ ያርሳሉ» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ለከርሞ እኛ በሌለንበት ጊዜ መጥታችሁ እነዚህን ልጆች እንድትመለከቱልን እለምናችኋለሁ። ቢሸነፉም አትሳቁባቸው፤ ቢያሸንፉ ግን ዘንድሮ አምስት ጊዜ መሸነፋቸውን አስታውሱ።