ጠጋኙ ሲጠገን

አንሲብል የተባለው ሶፍትዌር ሥራ ሲጀምር አንዳንዴ ላም ይስላል። «ካውሴይ» የምትባል ትንሽ የቀልድ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ካለች፣ በፊደልና በምልክት የተሠራች ላም ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና ቀጥሎ የሚሠራውን ሥራ ትናገራለች። ቀልዱ ያልጣመው ላሟን ማባረር ይችላል። ከላሟ ሥር የሚወርዱት መስመሮች ግን ቀልድ የለባቸውም። አረንጓዴው መስመር «ይህ ሰርቨር እንደተፈለገው ነው፤ የቀየርኩት የለም» ማለት ነው። ቢጫው «ቀይሬዋለሁ»፣ ቀዩ «አልተሳካልኝም» ይላል።

ሁለት መቶ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁሉም ላይ አንድ ፕሮግራም መጫን ፈለገ እንበል። በድሮው መንገድ እያንዳንዱ ላይ እየገባ ያንኑ ትእዛዝ ሁለት መቶ ጊዜ ይጽፋል። መቶ አርባኛው ላይ ቡና ሊጠጣ ወጣ ካለ፣ ሲመለስ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። በአንሲብል ግን የሚፈልገውን «ፕሌይቡክ» በሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ይዘረዝራል። እዚያ ላይ የሚሰፍረው «ጫን» የሚል ትእዛዝ ሳይሆን «ተጭኖ ይገኝ» የሚል ፍላጎት ነው። «ጫን» የተባለ ሳያይ ይጭናል፤ «ተጭኖ ይገኝ» የተባለ መጀመሪያ ያያል፤ ካለ ያልፋል፣ ከሌለ ይጭናል። በደንብ የተጻፈ ፕሌይቡክ አሥር ጊዜ ቢሄድ ውጤቱ እንደ መጀመሪያው ነው። ሰርቨሮቹ ላይ ቀድሞ የሚተከል ወኪል ፕሮግራምም አያስፈልግም፤ አስተዳዳሪዎች ድሮም በሚገቡበት በኤስኤስኤች በር ገብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል።

መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ያወጣው ማይክል ዴሃን የተባለ ፕሮግራመር ነው። ስሙ የመጣው ከሳይንስ ልቦለድ ነው። ኡርሱላ ለጉዊን በ1966 ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥ «አንሲብል» በከዋክብት መካከል መልእክትን ያለ አንዳች መዘግየት የሚያደርስ መሣሪያ ነው። በዙሪያው የተቋቋመውን ኩባንያ በ2015 ሬድ ሃት ገዛው፤ ኮዱ ግን ዛሬም ማንም የሚያነበው፣ ማንም ማሻሻያ የሚያቀርብበት ነው።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ግን አልቆ አያልቅም፤ የቆመበት መሬት ይንቀሳቀሳላ። ሊኑክስ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፣ ፓይተን አሮጌ ልማዱን ይተዋል፣ የክላውድ ኩባንያዎች አሠራራቸውን ይለውጣሉ። ትናንት የሠራ ሞጁል፣ ማለትም አንድን ዓይነት ሥራ የሚያከናውን የአንሲብል ክፍል፣ ማንም ሳይነካው ዛሬ ይሰበራል። ሞጁሎቹ በሺዎች ሲቆጠሩ አንድ ቤት አልበቃቸው ብሎ፣ በ2020 አብዛኞቹ «ኮሌክሽን» ወደሚባሉ የተለያዩ ጥቅሎች ወጡ። ዋናው ሞተር፣ አንሲብል ኮር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ ቨርዥን፣ በአራት ሳምንት አንዴ ገደማ ደግሞ የጥገና ቨርዥን ያወጣል።

ጥገናው የራሱ ወግ አለው። አንድ ሰው ባግ አግኝቶ ቢያስተካክል፣ ስህተቱ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ቴስት ይጨምርበታል። ከኮዱ ጋር አንዲት ትንሽ ፋይል አብራ ትቀርባለች። በሁለት በሦስት መስመር «ይህ የባግ ማስተካከያ ነው» ወይም «ይህ የቆየውን አሠራር ይሰብራል» ብላ ትመሰክራለች። አዲሱ ቨርዥን ሲወጣ እነዚህ ቁርጥራጮች ተሰብስበው የለውጥ መዝገብ ይሆናሉ። ማስተካከያው መጀመሪያ የሚገባው ገና በመሠራት ላይ ወዳለው ኮድ ነው፤ ወደቀድሞዎቹ ቨርዥኖች የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የ2020ን ታሪክ እንይ። አንሲብል አዲስ ፋይል ሲፈጥር፣ ተጠቃሚው ማን እንደሚያነበው ካልወሰነ፣ ፋይሉ በአብዛኛው ሰርቨሩ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ፈቃድ ይወለድ ነበር። በውስጡ የይለፍ ቃል ካለ ይህ አደጋ ነው፤ ጉድለቱም ሲቪኢ-2020-1736 ተብሎ ተመዘገበ። መፍትሔው ቀላል መሰለ። በቨርዥን 2.9.12 መነሻ ፈቃዱ 0600 ሆነ፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አያነብም። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ ሲገለገል የኖረ ፕሌይቡክ ብዙ ነበር። «ሩት» በሚባለው የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ ስም የተፈጠረን ፋይል በሌላ ስም የሚሠራ አገልግሎት ሊያነበው ሲመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘው። በ2.9.13 ማስተካከያው ተነሣ፤ ለተጠቃሚውም «ምሥጢር ያለበትን ፋይል ፈቃድ ራስህ ጻፍ» የሚል ምክር ተሰጠ።

ብዙ ሰው ለዓመታት የተደገፈው ስህተት እንደ ጠማማ ምሰሶ ነው፤ ነቅለው ሲጥሉት ጣሪያው አብሮ ይወርዳል። ያምር ብለው ሲኩሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው። ሦስት ሺህ ሰርቨር በአንድ ትእዛዝ በሚያስተካክል መሣሪያ ውስጥ፣ የተሳሳተ ጥገናም በአንድ ትእዛዝ ሦስት ሺህ ቦታ ይደርሳል።

«ፈቃዱን ራስህ ጻፍ» የሚለው ምክር ራሱ እንኳ ወጥመድ አለበት። ፈቃዱ በጥቅስ ምልክት ውስጥ «0644» ተብሎ ሲጻፍ ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። ዜሮዋና ጥቅሷ ተረስተው 644 ብቻ ቢሆን ግን አንሲብል እንደ ተራ ቁጥር ይቆጥረዋል፤ ተራው 644 በስምንት ቤት ሲመነዘር 1204 ይመጣል። ውጤቱ ባለቤቱ ይጽፍበታል እንጂ የማያነበው፣ ባዕዱ ግን የሚያነበው ፋይል ነው! «አንሲብል ሊንት» የተባለው የፕሌይቡክ መርማሪ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሲያይ ያስጠነቅቃል።

በ2025 የወጣው አንሲብል ኮር 2.19 ትምህርቱ እንደገባ ያሳያል። እስከዚያ ድረስ በፕሌይቡክ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ተራ ጽሑፍ ቢያገኝም እንደ «አዎ» ቆጥሮ ያልፍ ነበር፤ በዚህም ስንት የአጻጻፍ ስህተት ተሸፍኖ ኖሯል። አዲሱ ቨርዥን ቁርጥ ያለ እውነት ወይም ሐሰት ይጠይቃል። ምሰሶው ተነቀለ፤ አሁን ግን የሽግግር መመሪያ ተጽፎ፣ ገና ላልደረሰለትም አሮጌውን አሠራር ለጊዜው የሚፈቅድ ማብሪያ ተቀምጦለት።

ጠንቃቃ አስተዳዳሪም የበኩሉን ያደርጋል። የለውጥ መዝገቡን ያነባል፣ አንድ ሰርቨር ይመርጣል፣ ከዚያ አንሲብልን «ቼክ» በሚባለው ስልት ያስኬደዋል፤ ይህ ምንም ሳይነካ «ይህን እቀይር ነበር» ብሎ ብቻ የሚናገርበት ነው። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ዛሬም አረንጓዴ ከሆነ ይቀጥላል። ያልጠበቃት አንዲት ቢጫ መስመር ብቅ ካለች ግን እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ ወደ መዝገቡ ይመለሳል።