ለብ ለብ ክትፎ ከኮሶ ያድናል?

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እኔ ጥሬ አልበላም፤ ሁሌ ለብ ለብ ነው የማዘው። ኮሶ ከየት መጣብኝ?»

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ከሥራ በኋላ ሰፈሩ ያለች ግሮሰሪ ጎራ ያለ ሰው ምን እንደሚያዝ የታወቀ ነው። ክትፎው በጣባ፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ቆጮው፣ ከጎኑ ቀዝቃዛ ቢራ። ዝናብ በጣለበት ምሽት ከዚህ የሚበልጥ ካለ ንገሩኝ! ስለዚህ ክትፎ አትብሉ ልላችሁ አልመጣሁም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ግን አስተናጋጁ «ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይስ ብስል?» ሲላችሁ ምን እየመረጣችሁ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ኮሶ የምንለው ትል (በሕክምና ስሙ ቴኒያ ሳጂናታ) የሚመጣው ከከብት ሥጋ ነው። ከብቱ በሰው ሰገራ የተበከለ ሣር ሲበላ የትሉ እንቁላል አብሮ ይገባል፤ ከሆዱ ወጥቶ ጡንቻው ውስጥ አተር የምታህል ውሃ የቋጠረች ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ቄራ ውስጥ መርማሪው አንዳንድ ጡንቻዎችን ሰንጥቆ ያያል። ከረጢቶቹ ጥቂት ከሆኑ ግን ሊያመልጡት ይችላሉ። ማኅተም ያለው ሥጋ ካልተመረመረው በጣም ይሻላል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም።

አሁን ወደ ለብ ለብ። የተከተፈ ወይም የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ እንዲደርስ ይመከራል። ለብ ለብ ማለት ደግሞ ስሙ እንደሚለው ነው፤ ቅቤው ሞቀ፣ ሥጋው ትንሽ ቀለም ቀየረ፣ መሃሉ ግን ገና ቀይ ነው። ከኮሶ አንጻር ለብ ለብና ጥሬ ጎረቤት ናቸው። «ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፣ አረቄው ይገድለዋል» የሚባለውም አይሠራም፤ አረቄው የሚጎዳው ጉበታችሁን ነው። ጥሬውን መተው ያቃተው ሰው ሥጋውን እስከ መሃሉ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን ካቆየው የኮሶው ከረጢት ይሞታል (መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው)። እንደ ሳልሞኔላ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ቅዝቃዜ አይገድላቸውም። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ግን ብስሉን ብቻ! በዚህ ላይ አልደራደርም።

ትሉ ሆድ ከገባ በኋላ በ2 ወይም 3 ወር ያድጋል፤ ብዙ ሜትር ይረዝማል፣ ሳይታከም ለዓመታት ሊኖርም ይችላል። ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ሆዱን ቁርጠት ቢጤ ይለዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ሰገራ ላይ ወይም የውስጥ ልብስ ላይ ሲገኝ ነው። እዚህ ጋ ሰው ያፍርና ዝም ይላል፣ ወይም ፋርማሲ ሄዶ «የሆድ ትል መድኃኒት» ይላል። አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ለወስፋት ጥሩ ነው፣ ለኮሶ ግን አስተማማኝ አይደለም። ለኮሶ የምንመርጠው ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ይወሰዳል፣ መጠኑን ሐኪም ይወስናል።

የኮሶ ዛፍ አበባስ? አያቶቻችን የተጠቀሙበት በከንቱ አልነበረም፣ ትል ያስወጣል። ችግሩ መጠኑ ነው። ሲበዛ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ዓይን ሊጎዳ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፅንስ እስከ ማስወረድ ሊደርስ ስለሚችል በፍጹም አይሞከርም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር፦ የትሉ ጭንቅላት አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ እንደገና ያድጋል። ስለዚህ ከታከማችሁ ከ3 ወር በኋላ ሰገራ ተመርመሩ። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ደግሞ እንቁላሉ ተመልሶ ከብቱ ጋ ይሄዳል፤ ከዚያም የሆነ ሰው ጣባ ላይ ይመጣል። ሽንት ቤት መጠቀምና ቶሎ መታከም ለጎረቤትም ነው።

ለምርመራ ስትመጡ ደግሞ የወጣውን ቁራጭ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። የሰገራ ምርመራ አንዳንዴ እንቁላሉን ይስተዋል፤ ቁራጩን ካየነው ግን መልሱ ቶሎ ይገኛል። አትፈሩ፣ እኛ ለምደነዋል 😀