የአካባቢ ጥናት ባለሙያ የሚሰማራባቸው የሥራ መስኮች

አንድ ተማሪ «ወደፊት ሐኪም እሆናለሁ» ቢል ሰሚው ሁሉ የሥራ ቦታውን ወዲያው ይገምታል፤ ሐኪም በሆስፒታል፣ መምህር በትምህርት ቤት፣ ዳኛ በችሎት ይገኛልና። «የአካባቢ ጥናት ተምሬ ሁለተኛ ዲግሪ እይዛለሁ» ያለ እንደ ሆነ ግን ጥያቄ ይከተለዋል። ይህ ሰው የሚሠራው የት ነው? የሚቀጥረውስ ማን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። የሙያው ስም አንድ ይሁን እንጂ የሥራው መስክ ብዙ ስለ ሆነ መልሱን በአንድ ቃል መስጠት አይቻልም። በዚህ ምንባብ መልሱን የምንፈልገው አንድን ወንዝ ከራሱ እስከ ግርጌው በመከተል ነው።

አስቀድመን ስለ ትምህርቱ ጥቂት እንበል። የአካባቢ ጥናት የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከአየር፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ወደዚህ ዘርፍ የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪው ብዙውን ጊዜ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ጂኦግራፊ፣ ግብርና ወይም ምሕንድስና ያጠናል። በዚህ መሠረት ላይ ሁለት ዓመት ያህል ጨምሮ ሲማር ሁለተኛ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ምርምር ቢያደርግ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኛል። የመጀመሪያው ዲግሪ በአመዛኙ የታወቀውን ነገር ያስተምራል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ገና ያልታወቀውን ነገር ጠይቆ፣ ለክቶና መዝግቦ ማወቅን ያለማምዳል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም ይህን ችሎታውን ለማስመስከር ነው። በሀገራችን በዚህ ዘርፍ ከሚያስተምሩት መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የወንዶ ገነት ኮሌጅ ይጠቀሳሉ።

አሁን ወደ ወንዙ እንሂድ። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ተነሥተው፣ አንዱ በከተማዪቱ ምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። በአባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ከተገናኙ በኋላ ጉዟቸው ወደ አዋሽ ነው። አዋሽም በቆቃ ግድብ ከተጠራቀመ በኋላ የስምጥ ሸለቆን ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስሳል፤ ባሕር ሳይደርስም በጅቡቲ ጠረፍ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወደ ወንዝ የተጣለ ነገር በአዲስ አበባ አያበቃም። የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃ ከአዋሽ እየተቀዳ የሚጣራ በመሆኑ የላይኛው ሰው ሥራ የታችኛውን ሰው ጤና ይነካል። የአካባቢ ጥናት ባለሙያ በወንዙ ላይ የሚቆምባቸው ስፍራዎች ብዙ የሆኑትም ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስፍራ የወንዙ ራስ ነው። በእንጦጦና በአካባቢው የነበረው ጥንታዊ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ ባለቀ ጊዜ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ ሀገር መጥቶ ተተከለ። ባሕር ዛፍ በፍጥነት ስለሚያድግ የከተማዪቱን የእንጨት ችግር አቃለለ። ይሁን እንጂ በሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል፣ በተዳፋት ላይ ሲሆን አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። እንግዲህ በየትኛው ተዳፋት ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይመለሱ? ባሕር ዛፉስ በየት በኩል ይቆይ? ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው የሚተዳደሩት ሴቶችስ በምን ይተዳደሩ? ይህን ሁሉ አገናዝቦ የሚያጠናው የደንና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነው። ቀጣሪዎቹም የግብርናና የደን መሥሪያ ቤቶች፣ ብሔራዊ ፓርኮችና በተራቆተ መሬት ላይ የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። የዕፅዋት ዘር ሀብትን ለመጠበቅ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋምም እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን ያሠራል።

ወንዙ ወደ ከተማዪቱ ሲገባ ደግሞ ፋብሪካዎችን ያገኛል። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሀብት በወንዙ ዳር የቆዳ ፋብሪካ ለመሥራት አሰበ እንበል። ቆዳ ለማልፋት ከሚያገለግሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ክሮሚየም ነው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ሕይወት ያለውን ሁሉ ይጎዳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299/1995፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት እንዲጠና፣ ሕዝቡም አስተያየቱን እንዲሰጥ ደነገገ።

በዚህ አንድ ፋብሪካ ዙሪያ ሦስት ባለሙያዎች ይቆማሉ። አንደኛው አማካሪ ነው። እርሱ ቦታውን ይመረምራል፤ የውሃውን ሁኔታ ይለካል፤ ነዋሪዎችን ያነጋግራል፤ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳትና መከላከያውን በጽሑፍ ያቀርባል። ሁለተኛው የመንግሥት ገምጋሚ ነው። የቀረበውን ጥናት አንብቦ ሥራው እንዲፈቀድ፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲከለከል አስተያየት ይሰጣል፤ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረም በኋላ የተገባው ቃል መፈጸሙን ይከታተላል። ሦስተኛው በፋብሪካው የተቀጠረው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ የፍሳሽ ማጣሪያው በየቀኑ መሥራቱን የሚቆጣጠር እርሱ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ሆኖ መሠራቱ፣ እንዲህ ያለው ሙያ በፋብሪካ ውስጥ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ሦስቱ ባለሙያዎች በአንድ ክፍል አብረው የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ግን ከልዩ ልዩ እጅ ነው። የሙያው ከባድ ፈተናም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የጥናቱን ወጪ የሚሸፍነው ባለሀብቱ ስለ ሆነ፣ አማካሪው «ይህ ቦታ ለፋብሪካ አይሆንም» በሚል ጽሑፍ ላይ ለመፈረም ድፍረት ያስፈልገዋል። ገምጋሚው ጥናቱን በሚገባ ሳይመረምር ቢያጸድቅ፣ የፋብሪካው ኃላፊም የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቀነስ ማጣሪያው ሲዘጋ እያየ ዝም ቢል፣ ሕጉ መኖሩ ብቻ ወንዙን አያድነውም። በወረቀት ላይ የተሠራ ማጣሪያ ውሃ አያጣራምና።

በከተማ ውስጥ ሌላው የሥራ መስክ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ፣ ለአምሳ ዓመታት ያህል የተከመረ ቆሻሻ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በክምሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ቆሻሻ የት ይጣል፣ ክምሩ እስከ ምን ከፍታ ይድረስ፣ ከሥሩ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ እንዳይገባ በምን ይታገድ የሚሉት ጥያቄዎች በግምት የሚመለሱ አይደሉም። ስለዚህም የከተማ መስተዳድሮች የአካባቢ ጥናት ባለሙያን ከመሐንዲሱና ከጤና ባለሙያው ጋር ያሠማራሉ።

ከፋብሪካዎቹ በታች ወንዙ የጎመን፣ የሰላጣና የቆስጣ ማሳ ያጠጣል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውሃ ከሚለሙት አትክልቶች ናሙና ወስደው በቤተ ሙከራ ሲመረምሩ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። በዚህ ስፍራ የባለሙያው ሥራ የሁለት ወገኖችን ችግር ማመዛዘን ነው። አትክልቱን የሚበላው የከተማ ሰው ጤናው ሊጠበቅለት ይገባል፤ አትክልቱን የሚያለማው ገበሬ ደግሞ በዚያች ማሳ ልጆቹን ያሳድጋል። «እርሻው ይከልከል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ገበሬውን አነጋግሮ፣ የትኛው ሰብል ብረቱን አነስ አድርጎ እንደሚወስድ ለይቶ፣ የብክለቱን ምንጭ ከሥሩ ተከታትሎ መፍትሔ መፈለግ ግን ብዙ ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህ መስክ የሚሠሩት ባለሙያዎች በጤና፣ በግብርናና በልማት ድርጅቶች ውስጥ ይገኛሉ።

ከዚያ ዝቅ ብሎ የተመራማሪው ስፍራ ይገኛል። ተመራማሪው ከአባ ሳሙኤል ውሃ በየወሩ እየቀዳ በውስጡ የሟሟውን ኦክስጅን ይለካል። መጠኑ በአንድ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች ይቸገራሉ። የአንድ ቀን ልኬት ብዙ አይናገርም፤ የአሥር ዓመት መዝገብ ግን ወንዙ እየከፋ ወይም እየተሻለ መሄዱን ይመሰክራል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ የአካባቢ ጉዳት ቀስ በቀስ ስለሚመጣ መዝጋቢ ከሌለው አይታወቅም። በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው የቆቃ ግድብም ከደጋ ታጥቦ የሚመጣው ደለል ስለሞላበት የሚይዘው ውሃ ቀንሷል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ስፍራዎች የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች የተቋቋሙት ዝናብ ከእርሻ ላይ ምን ያህል አፈር እንደሚያጥብ በትክክል ለመለካት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ለእንዲህ ያለው ሥራ በተለይ ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸውን ባለሙያዎች ይፈልጋሉ።

የአካባቢ ጥናት ከሕግና ከዲፕሎማሲም ጋር ይገናኛል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይገልጻል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 300/1995፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ ያልደረሰ ሰው እንኳ በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል ፈቀደ። ይሁን እንጂ ዳኛ ውሃው መበከሉን በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ አይችልም፤ ለክቶ የሚያስረዳው ባለሙያ ያስፈልገዋል። በሀገሮች መካከል በሚደረግ ድርድርም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በዌልስ ስለ ዕፅዋትና ስለ ሥነ ምኅዳር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 ዶክተር ሆኑ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለብዙ ዓመታት አስተዳደሩ። ዘራቸው በሳይንስ የተለወጠ ሕያዋንን ዝውውር የሚቆጣጠረው የካርታሄና ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ከመጽደቁ በፊት በተደረገው ድርድር የአፍሪካን ሀገሮች ወክለው ተከራከሩ። በዚያው ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይህም ሁሉ ሆኖ በትግራይ ገበሬዎች ብስባሽ አዘጋጅተው መሬታቸውን እንዲያዳብሩ በተጀመረው ሥራ ውስጥ ተካፋይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከሕይወታቸው እንደምንረዳው አንድ ባለሙያ በዕድሜው ውስጥ መምህር፣ ተመራማሪ፣ አስተዳዳሪና ተደራዳሪ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ዲግሪ የያዘ ሁሉ ወዲያው ሥራ ያገኛል ማለት አይደለም። «ስለ አካባቢ ሁሉን አውቃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቀጣሪ አያገኝም፤ «ውሃ መመርመር እችላለሁ»፣ «ካርታ ማንሣት እችላለሁ»፣ «ሕጉን አውቃለሁ» የሚል ሰው ግን ይፈለጋል። ስለዚህ ሰፊውን ዘርፍ ከሚያጠናው ተማሪ አንድ ጠለቅ ያለ ችሎታ ይጠበቃል። ለዚህም ዝግጅቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ሒሳብ ያልለመደ ተማሪ ልኬቱን ሊያሰላ፣ ኬሚስትሪ የናቀ ተማሪ ናሙናውን ሊመረምር አይችልም። የቋንቋ ትምህርትም ከእነዚህ አያንስም፤ ባለሙያው ያገኘውን ውጤት ለሚኒስትሩ በሪፖርት፣ ለዳኛው በምስክርነት፣ ለገበሬው በገበሬው አነጋገር ማስረዳት አለበትና። ያልተረዱለት ጥናት በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ በመነሻችን ላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ የአካባቢ ጥናት ባለሙያ ከተራራው ደን እስከ ፋብሪካው ማጣሪያ፣ ከገበሬው ማሳ እስከ ፍርድ ቤቱ ችሎት ድረስ ይሠራል። የቀጣሪው ስም ቢለያይም ሁሉም የሚሠሩት ከአንድ ወንዝ ዳር ነው። ይህን ሙያ የሚመኝ ተማሪ ከወንዙ በየትኛው ስፍራ ለመቆም እንደሚፈልግ ከአሁኑ ቢያስብበት፣ ምን ማጥናት እንዳለበት ለማወቅ አይቸገርም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በምን ይለያል?
2. በአንድ ፋብሪካ ዙሪያ የሚቆሙት ሦስት ባለሙያዎች እነማን ናቸው? የእያንዳንዳቸውን ሥራ በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
3. «በወረቀት ላይ የተሠራ ማጣሪያ ውሃ አያጣራም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ ምን ያመለክታል?
4. ጸሐፊው ሐሳቡን ለማስረዳት ወንዝን የመረጠው ለምን ይመስላችኋል?
5. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ደን መርጣችሁ፣ በዚያ ስፍራ ሊሠሩ የሚችሉ ባለሙያዎችን የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።