እሥር ያልፈታው ጋብቻ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ባል ወህኒ በወረደ ጊዜ የሚስቱ ነገር ወዲያው የመንደር ወሬ ይሆናል፤ አገልግሏን ተሸክማ፣ ዘበኛውም በበሩ ላይ «ቅመሽ» ብሎ አስቀምሷት ስንቁን ያስገባች እንደ ሆነ ታማኝ ትባላለች፤ ሁለት ሳምንት የቀረች እንደ ሆነ ግን «ከዳችው» ይሏታል፤ እርሻውን ማን ያርሳል፣ ልጆቹን ማን ያበላል ብሎ የሚጠይቅላት አይገኝም። ይህ ፍርድ ሚዛን የጎደለው መሆኑን የዚያው አገር፣ የበጌምድር፣ ገዢ የነበሩት የራስ ጉግሣ ወሌ ታሪክ ያስረዳል።

ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ሲሆኑ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ያገቡት ሁለቱን ቤቶች ለማስተሳሰር በታሰበ የመንግሥት ምክር ነበር፤ ፍቅር ግን ምክሩን ተከትሎ መጣ። ምኒልክ ታመው የጣይቱ ሥልጣን ሲደክም መከራው ለዘመዶቻቸው ተረፈና ራስ ጉግሣ ታሰሩ። ክብራቸውና ግዛታቸው ሲወሰድ ዘውዲቱ ሚስታቸው እንደ ሆኑ ቆዩ።

የእግር ብረት ያልፈታውን ጋብቻ የፈታው ዘውድ ነው። በመስከረም 1909 የምኒልክን አልጋ የወረሱት ልጅ ኢያሱ ተሽረው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት በተባሉ ጊዜ፣ መኳንንቱ ንግሥቲቱን ከባላቸው ለዩአቸው፤ የጣይቱ ወገን በአልጋው አጠገብ እንደ ገና እንዳይነሣ ፈርተው ነበርና። ከእሥር የተፈቱት ራስ ጉግሣ ወደ በጌምድር ተመለሱ፣ ንግሥቲቱም በጾምና በጸሎት ተወስነው በአዲስ አበባ ቀሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ሌላውን ሳይከዱ፣ የሌሎች ምኞት በመካከላቸው ገብቶ ክህደት የሚመስል መለያየትን ፈጠረ።

አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በ1921 ንጉሥ ከተባሉ በኋላ የራስ ጉግሣ ቅሬታ ወደ ዓመፅ አደገ፤ ዘውዲቱም እንዲመለሱ ለመኗቸው፣ እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። የዘመተባቸው ሠራዊት በገዛ ሚስታቸው መንግሥት ስም የሚታዘዝ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ውግዘት የታተመበት ወረቀት ከአውሮፕላን በጭፍራቸው ላይ ተበተነ፤ ለበጌምድር ገበሬ አውሮፕላኑም ሆነ ከሰማይ የሚወርድ ግዝት አዲስ ነገር ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጋይንት በስተ ምሥራቅ በአንቺም ሜዳ ራስ ጉግሣ በጦርነቱ ላይ ወደቁ።

መጋቢት 24 ቀን ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። በሐዘን ሞቱ የሚሉ አሉ፤ ቀድሞውኑ በጽኑ ታመው በዐቢይ ጾም ውስጥ እንደ ነበሩ ግን የታወቀ ነው።