ከኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚወጣ ዐመድ

በምድጃ ላይ እንጨት ሲነድ ዐመድ እንደሚተርፍ ታውቃላችሁ። ከቤት የሚወጣው ዐመድ ጥቂት በመሆኑ ዕቃ ይፈተግበታል፤ የቀረውም በጓሮ ይደፋል። በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ድርጅት ግን ከዐመዱ እንዲህ በቀላሉ ሊገላገል አይችልም። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ ስለሚገኝ ነገሩ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። ስለዚህ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት የተሠራውን የኪንግስተን ማመንጫ ጣቢያ በምሳሌነት እንመልከት።

ጣቢያውን ያቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የመንግሥት ድርጅት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ሲያልቅ በዓለም ካሉት የከሰል ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነበር፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራም በቀን 14,000 ቶን ያህል ከሰል ይፈጅ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አሥር እጁ ብቻ ዐመድ ሆኖ ቢቀር፣ በዓመት የሚጠራቀመውን እናንተው አስሉት።

ከባዱ ዐመድ ከእቶኑ ሥር ይወድቃል። አብዛኛው ግን እንደ ዱቄት የላመ በመሆኑ ከጢሱ ጋር ወደ ላይ ይነሣል። ጢሱ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት የኤሌክትሪክ ኃይል ባላቸው የብረት ሰሌዳዎች መካከል ሲያልፍ ብናኙ በሰሌዳዎቹ ላይ ይጣበቃል። ይህ ብናኝ በእቶኑ ግለት ቀልጦ የጠጠረ ስለሆነ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ይመስላል። ከሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅም ሲሚንቶው ከሚያወጣው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። የጥንት ሮማውያን የእሳተ ገሞራ ዐመድን ከኖራ ጋር እያዋሐዱ ይገነቡ የነበረው በዚሁ ባሕርይ ተጠቅመው ነው። ከ1948 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. በሞንታና ግዛት በተሠራው በሐንግሪ ሆርስ ግድብ ውስጥም ከመቶ ሺህ ቶን በላይ የከሰል ዐመድ ገብቷል። ሲሚንቶ ማምረት ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ሥራ በመሆኑ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለዚህ አገልግሎት ዐመዱ ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት።

በኪንግስተን ግን ዐመዱን ከውሃ ጋር ለውሶ በቧንቧ ማፍሰሱ ስለቀለለ፣ በአፈር ግድብ በታጠረ ኩሬ ለብዙ ዓመታት ሲከማች ኖረ። በዲሴምበር 22 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ግድቡ ተናደ። ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ የዐመድ ጭቃ ወደ ወንዙ ገባ፤ 120 ሄክታር ያህል ስፍራ ሸፈነ፤ ሦስት ቤቶችንም ከመኖሪያነት ውጭ አደረገ። በዚያች ሌሊት የሞተ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ዐመዱ አርሴኒክና ሜርኩሪን የመሳሰሉ መርዛም ንጥረ ነገሮች ስለነበሩበት ጽዳቱ እስከ 2015 ድረስ ቆየ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይም ወጣበት። በጽዳቱ የተሠማሩ ብዙ ሠራተኞች መታመማቸውን ገልጸው ክስ አቀረቡ። ከወንዙ የተዛቀው ዐመድ አብዛኛው በባቡር ተጭኖ ወደ አላባማ ግዛት ተወሰደና ከሌሎች ሰዎች ቀዬ አጠገብ ተደፋ።

በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ከሚወጣው የከሰል ዐመድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥቅም ላይ እንደሚውል ይነገራል። እንዲህ ያለ አኃዝ ስታነቡ ግን ምን ምን እንደተቈጠረበት ጠይቁ። በሲሚንቶ ምትክ የገባውም ዐመድ፣ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ የተሞላበትም ዐመድ በአንድነት «ጥቅም ላይ ዋለ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በጉድጓዱ አቅራቢያ የመጠጥ ውሃ ለሚቀዳ ሰው ሁለቱ አንድ አይደሉም። አሁን ደግሞ እንደ ሳውዝ ካሮላይና ባሉ ግዛቶች የቀድሞዎቹ ኩሬዎች እየተቈፈሩ፣ ዐመዱ እንዲደርቅና እንዲጣራ ተደርጎ ለኮንክሪት ሥራ በመሸጥ ላይ ነው።